የበራን ዓይን ለምን መልሳችሁ አሰራችሁት?

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለድርጅቱ የሥራ አመራር ቦርድ፣ ለዋና ሥራ አስኪያጁና ለበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የቦርድ አባላትና የሥራ ኃላፊዎች፤

የድርጅታችሁን ስም እዚህ አልጻፍኩም። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኛም እናውቀዋለን። ሌላው አንባቢ ባያውቀው ነገሩ አይጎድልበትም። ደብዳቤውን አደባባይ ያወጣነው በወረዳችን በኩል ሦስት ጊዜ ጽፈን መልስ ስላጣን ነው። አንደኛውን እንዲያውም እኔው ራሴ በፖስታ አሽጌ ለሹፌራችሁ በእጁ ሰጥቼዋለሁ።

እኛ በሰሜን ሸዋ ቆላ ቀበሌዎች የምንሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነን። የድርጅታችሁ የዓይን ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ሲመጣ ቤት ለቤት እየዞርን የምንመዘግበው እኛ ነን። በቀጠሮው ቀን ጎህ ሳይቀድ ሰዉን መንገድ ዳር ሰብስበን መኪና የምንጠብቀውም እኛው ነን። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ጎጆ ለጎጆ እየሄድን ጠብታ እናደርጋለን፣ «ዓይንዎን አይሹት፣ ጭስ አጠገብ አይቀመጡ» እያልን እንጨቃጨቃለን። እናንተ ሦስት ቀን ቆይታችሁ ትመለሳላችሁ። እኛ እዚያው ነን። ነገር ሲበላሽ የሚመጡት እኛ ቤት ነው።

በእናንተ እጅ ዓይናቸው የበራላቸው ሰዎች አሉ፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን ምስጋናውን በበዓሉ ቀን በቂ ሰምታችኋልና እዚህ አልደግመውም።

ነገሩ የተነሳው ከጥር ወር ዘመቻ ነው። በጥር ይመጣል ተብሎ ለሕዝብ የተነገረው ዘመቻ ወደ ሰኔ ተገፋ። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ሠራተኛው በሙሉ በምሥረታ በዓሉ ዝግጅት ተጠምዷል» ተባልን። መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ሳትመጡ ስትቀሩ ማንም አልወቀሳችሁም፣ እኛም መንገዱን እናውቀዋለን። የዘንድሮው ግን መንገድ አልነበረም። የሆቴሉ አዳራሽ ቀን ተይዟል፣ ያ ቀን አይነካም። የእኛ ቀን ግን ይነካል።

ጥር ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ ቢሮ ሆኖ ላይታይ ይችላል። በጥር ማሽላው ተወቅቶ ገብቷል። ልጅ አባቱን ይዞ ከተማ ለመውረድ ሁለት ቀን አያጣም፣ ለመሳፈሪያ የምትሸጥ እህልም አትጠፋም። ሰኔ ሲሆን ጎተራው ተራቁቷል፣ በሬው ተጠምዷል፣ ወንዙ መሙላት ይጀምራል። በሰኔ ዓይነ ስውር አባቱን ይዞ የሚሄድ ገበሬ የዓመት ቀለቡን ትቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አይሄድም። በእኛ አራት ቀበሌዎች ለጥር 62 ሰው መዝግበን ነበር። ሰኔ ላይ የመጡት 23 ናቸው። አንድ አባት በግንቦት አርፈዋል፣ ሳያዩ።

አንድ የ11 ዓመት ልጅ ደግሞ አለ። አያቱን በበትር ጫፍ እየመራ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሚያደርሰው እሱ ነው። ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው። መምህሩን አነጋግሬው ነበር፣ «አያቱ በጥር ከተሠሩ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እቀበለዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ልጁም ደብተር ገዝቷል። የዓይን ሞራ ሲገፈፍ የሚፈታው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ በበትሩ በሌላኛው ጫፍ የታሰረም ልጅ አለ። በሪፖርታችሁ ላይ ለዚህ ልጅ የሚሆን ሳጥን አላየሁም። አያቱም በሰኔ አልመጡም።

አሁን ገንዘብ ወደተሰበሰበበት ወደ በዓሉ እራት ልምጣ።

በታኅሣሥ ከቢሮአችሁ ስልክ ተደወለልኝ። «ለበዓሉ የምትሆን አንዲት እናት ፈልጊልን» ተባልኩ። ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ፣ በደንብ የሚናገሩ፣ ቢቻል የልጅ ልጅ ያላቸው። እውነቱን ልናገርና ደስ ነው ያለኝ። ከ62ቱ ቢያንስ አንዷ ቀድማ ትታከማለች ብዬ አሰብኩ። አንዲት እማማ ነበሩ፣ አራት ዓመት ያላዩ፣ ጨዋታ አዋቂ። ይዣቸው አዲስ አበባ ገባሁ። ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን ነጠላ ነው። ጥለቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ትንሽ ቆዩና «ያቺ ልጅ አረንጓዴ ነው ብላ ነበር ያመጣችልኝ፣ ለካ ሰማያዊ ነው!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እዚያ ካሜራ አልነበረም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለበዓሉ ተመልሰን ሄድን። እማማ በዚያ ሦስት ሳምንት ብቻቸውን ውጭ ወጥተዋል፣ ሽሮ ለቅመዋል፣ ከጎረቤት ተጣልተው ታርቀዋል። በትራቸውን ትተውታል። ሆቴሉ ውስጥ ከአዳራሹ ጀርባ ባለች ክፍል አስቀመጡን። አንዲት ልጅ ፋሻና ፕላስተር ይዛ መጣች። የተሠራውን ዓይን መልሳ ሸፈነችው። ሌላው ደግሞ በትር ይዞ መጣ፣ ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ አዲስና የተወለወለ በትር። እማማ ፊታቸው ተለዋወጠ። እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙና «ምነው ልጄ፣ ተመልሶ ሊጠፋ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እኔ ምን አልኩ? «አይ እማማ፣ ለፎቶ ነው» አልኩ። ይህን እያፈርኩ ነው የምጽፈው። ማስቆም እችል ነበር፣ አላስቆምኩም። ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው በበዛበት ቦታ የገጠር ሰው አንደበቱ ይያዛል።

የልጅ ልጃቸው በበትር እየመራቸው መድረክ ላይ ወጡ። የመድረክ መሪው «አሁን፣ በእናንተ ፊት፣ ከአራት ዓመት ጨለማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ» አለ። ፋሻው ተፈታ። የመድረኩ መብራት በቀጥታ ፊታቸው ላይ ነበር፣ ገና ያልጠገገ ዓይን ደግሞ ብርሃን አይችልም። በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። አዳራሹ በደስታ ያለቀሱ መስሎት ብድግ ብሎ አጨበጨበ። የሥዕል ጨረታው የተጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው፣ ሰዉ ልቡ እንደተነካ።

እማማ ሌሊቱን አልተኙም። «ሰዎቹ ዛሬ ነው ያየችው ተብለው ነው ያጨበጨቡት?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያ ዋሽቻለሁ። ለነፍስ አባቴ ምን እላለሁ?» አሉ። ይህን ጥያቄ እኔ መመለስ አልቻልኩም፣ ለእናንተ ነው ያመጣሁት።

ለእኔም በዚያው ምሽት የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። በፍሬም ነው። ስሜ አንድ ፊደል ተሳስቷል።

ሌላው ነገር ቁጥሩ ነው። በትልቁ ስክሪን ላይ «ዘንድሮ ይህን ያህል ዓይን አበራን» የሚል ቁጥር ሲያበራ ሲጠፋ ነበር። እናንተ የቆጠራችሁት ግን የሠራችሁትን ዓይን ነው እንጂ የሚያየውን ዓይን አይደለም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ያወጣው መለኪያ አለ፦ ከ100 የሞራ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 80ው በጥሩ ሁኔታ ማየት አለበት፣ ውጤቱ ደካማ የሆነው ደግሞ ከ5 መብለጥ የለበትም። ይህ እንዴት ይታወቃል? ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ በመለካት ነው። በእኛ ወረዳ ከማግስቱ ጠዋት በኋላ የማንም ዓይን ተለክቶ አያውቅም። ጠዋት ፋሻ ይፈታል፣ ጣት ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መኪናው ይነሳል።

የአንድ አባት ነገር ከሁሉ ይብሳል። አምና ተሠሩ። በማግስቱ አዩ፣ እንዲያውም ከእናንተ ሐኪም ጋር እየሳቁ የተነሱት ፎቶ ባነር ላይ ወጥቷል። በአምስተኛው ቀን ዓይናቸው ደም መሰለ፣ ሌሊቱን ሲያቃስቱ አደሩ። ልጃቸው እየሮጠ ጤና ኬላ መጣ። ካርዳቸው ጀርባ ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። ሰባት ጊዜ። ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ተነሳና «ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ» ተባልኩ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዓይን ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ካጋጠመ ግን እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። መድኃኒቱ በመርፌ ዓይን ውስጥ ነው የሚሰጠው። እኔ ጋ ያለው የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው፣ ለዚህ ምንም አያደርግም። በሬ ተሸጦ ምኒልክ ሆስፒታል የደረሱት በዘጠነኛው ቀን ነው። ዓይኑ አልተረፈም።

በሪፖርታችሁ ግን እኚህ አባት ዓይናቸው ከበራላቸው ውስጥ ናቸው፣ በማግስቱ አይተዋላ! በዚያ ጎጥ አሁን ማንንም መመዝገብ አልችልም። «ሂጂ ወዲያ፣ እነዚያ ዓይን ያወጣሉ» ነው የሚሉኝ። አንድ ሰው ዓይኑን አጣ፣ ሌሎች ደግሞ ሊድን የሚችል ዓይናቸውን በፍርሃት ይዘው ተቀመጡ።

ትንንሽ የሚመስሉም አሉ። ከተሠሩ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ «ሞራዬ ተመለሰ» ብለው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ሞራው አልተመለሰም። በሞራው ቦታ ከገባው ሰው ሠራሽ ሌንስ ጀርባ ያለችው ስስ ሽፋን ናት የደበዘዘችው፣ በሌዘር በደቂቃዎች ይስተካከላል። ይህን እኔ እንኳ የሰማሁት ሥልጠና ላይ ካገኘሁት የዓይን ነርስ ነው። ለታካሚው ግን ማንም ስላልነገረው ተታለልኩ ብሎ ያምናል። ሁለቱም ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ደግሞ አንዱ ይሠራላቸውና ሁለተኛውን «በሚቀጥለው» ይባላሉ። የሚቀጥለው ሰኔ ሆነ።

በምርመራው ጠረጴዛ ላይ ተመልሰው የሚላኩትስ? ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ያጠፋው ዓይን በቀዶ ሕክምና ተመልሶ አይበራም፣ ይህን እናውቃለን። ግን «ወዲህ ይቀመጡ፣ አይሆንም» ብሎ መሸኘት መልስ አይደለም። ፍየል ሸጦ የመጣ ሰው ነው። አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ምን እንደያዘው፣ ልጆቹም ለምን መመርመር እንዳለባቸው ይንገረው። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ስለ ትራኮማ ዝም ማለት አልችልም፣ ምክንያቱም እናንተ ዝም ብላችኋል። ስትጀምሩ ለእሱ የሚሆን የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምናም ነበራችሁ። አሁን የለም። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያዊ 1.6ቱ ዓይነ ስውር ነበር፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነበር፣ 11.5 በመቶውን ደግሞ ትራኮማ። ሞራ ይበልጣል፣ እሺ። ግን ሞራ እኮ አያምም። ትራኮማ ሲጠና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ዓይንን ባርገበገቡ ቁጥር ይፍቃል። ቀንም ሌሊትም። በየቤቱ ስገባ እናቶች ጉያ ውስጥ ወረንጦ አገኛለሁ፣ በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉም አሉ። ጎረቤት ለጎረቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ፀጉሩን ይነቃቀላሉ። ሴቶች ናቸው በብዛት፣ በሽታውን ከልጆቻቸው ዓይን ደጋግመው ስለሚወስዱት።

ለምን እንደተዋችሁት አንድ ባልደረባችሁ ሳይደብቅ ነግሮኛል። የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ያጡትን ብርሃን አይመልስም፣ ሕመሙን ነው የሚያስቀረው፣ የቀረውንም ዓይን ያተርፋል። በማግስቱ ፋሻ ሲፈታ «አየሁ!» የሚል የለም። ለመድረክ አይመችም። ሥራውን እኮ የሠለጠነ ነርስ ይሠራዋል። የትራኮማውን መድኃኒት፣ አዚትሮማይሲንን፣ አምራቹ ፋይዘር በነጻ ነው የሚሰጠው፣ እኛ የሰዉን ቁመት በእንጨት እየለካን እናድላለን። የቀረው የፊት መታጠቢያ ውኃና መጸዳጃ ቤት ነው። ለእሱ ጨረታ የሚያወጣ እስካሁን አላየንም።

ገንዘቡን በተመለከተ ሰረቃችሁ አላልንም፣ ለማለትም መረጃ የለንም። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል። የእራቱ ወጪ ከየትኛው ወገን ተጻፈ? አዳራሹ፣ ባነሩ፣ ዋንጫው፣ ለዘፋኙ የተከፈለው? በእራቱ ቃል ከተገባውስ ገንዘብ ምን ያህሉ ገባ? እንደምናውቀው በአገራችን መድረክ ላይ ቃል የገባ ሁሉ አይከፍልም። ሥልጠና ላይ አንድ ሐኪም እንደነገሩን ሕንድ ማዱራይ፣ ኔፓል ካትማንዱ፣ ጎረቤታችን አስመራም ሳይቀር ሌንስ ማምረት ከጀመሩ ወዲህ ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ ውድ ነገር መሆኑ ቀርቷል። እጁ የለመደ ሐኪምም አንዱን ዓይን በ10 ደቂቃ ገደማ ይሠራል። ውዱ መንገዱ ነው፣ ተመልሶ መጠየቁ ነው። ለአስታማሚ መሳፈሪያ አንከፍልም ትላላችሁ። ዓይነ ስውር ሰው ብቻውን አውቶቡስ ይሳፈር ማለት ነው?

ፎቶውንም አንርሳ። ፈቃድ ፈርመዋል ትላላችሁ። አዎ፣ በጣት አሻራ ፈርመዋል፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት። ወረቀቱን ማየት በማይችሉበት ሰዓት ማለት ነው። ያቺ የእማማ ፎቶ ከነፋሻዋ አሁን በከተማው ትልቅ መንገድ ላይ ተሰቅላለች አሉ።

የምንጠይቀው ይህ ነው።

የሚቀጥለው ዘመቻ በጥር ይሁን፣ ቀኑም እስከ መስከረም መጨረሻ በጽሑፍ ይድረሰን። ከዚያ በኋላ ለማንም በዓል አይነካ። ለጥር ተመዝግበው በሰኔ ያልመጡትና በሕይወት ያሉት 38 ሰዎች እንደ አዲስ ሳይሰለፉ ቅድሚያ ያግኙ፣ ከእነሱም መጀመሪያ የዚያ ልጅ አያት።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሳምንቱና በስድስተኛው ሳምንት ዓይን የሚለካ ሰው ላኩ። ሐኪም ባይሆን የዓይን ነርስ ይበቃል። እኛም ለመሠልጠን ዝግጁ ነን፣ የዓይን መለኪያውን የፊደል ገበታ ስጡን። ካርዱ ላይ ቅዳሜና እሑድም የሚነሳ ስልክ ይጻፍ፣ ዓይኑ የታመመበትን ሰው በዚያው ቀን የሚወስድ የመኪና ገንዘብም ወረዳው ላይ ይቀመጥ። ሪፖርታችሁም የተሠራውንና የሚያየውን ለየብቻ ይጻፍ።

ዓይኑን ላጣው አባት ቤት ድረስ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁ። የበሬውን ዋጋ ክፈሉ። ግራ ዓይናቸው ላይም ሞራ ጀምሯል፣ ለእሱ ምን እንደምታደርጉ እሳቸው በሚስማሙበት መንገድ ተነጋገሩ።

የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምናውን መልሱ። ለአስታማሚም መሳፈሪያ ይከፈል።

የበዓሉን ገቢና ወጪ አውጡልን። እኛ ሂሳብ አዋቂ አይደለንም ግን መደመር እንችላለን።

የእማማን ፎቶ አውርዱ። ያን ምሽት ለተገኙት እንግዶችም እማማ ያዩት ከሦስት ሳምንት በፊት እንደነበር በደብዳቤ ንገሯቸው። ግልባጩን ላኩልኝ፣ ለእሳቸው አነብላቸዋለሁ። ወይም ራሳቸው ያዩታል፣ ማንበብ ባይችሉም ማኅተሙን ያዩታል።

ከአክብሮት ጋር፣

በአራት ቀበሌዎች የሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በመወከል፣
የጤና ኬላ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት
ለአራቱ ቀበሌ አስተዳደሮች

አባሪ፦ የምስጋና የምስክር ወረቀት 1 ገጽ ከነፍሬሙ፣ ተመላሽ